ባለቤት ያለው ይናገር

ታላቅ ወንድሜ በብርዱ ወራት ወደ በረሃ ሲሄድ በረዶ ይዞ ሄደ። እየቀለድኩ አይደለም። ሁለት ሰው የሚሸከመው የበረዶ ሳጥን፣ እስከ አፉ ጢም ብሎ የተሞላ፣ በመኪናው ኋላ ጭኖ። እናንተ መሳቅ ትችላላችሁ። እኔ ግን ለዚያ ሳጥን ቦታ ብሎ ምን አውጥቶ እንደሰጠ ስለማውቅ፣ ዛሬም ባስታወስኩት ቁጥር ቆሽቴ ያራል።

ቤት ውስጥ ክብሪት ነው የምባለው። ቶሎ ስለምቀጣጠል ያወጡልኝ ነው፤ ይሁን፣ አልቀየምም። እሱን ደግሞ በሌለበት «ሊቀመንበሩ» እንለዋለን፤ ፊት ለፊቱ «ጋሼ» ነው። እኛ ቤት ሊቀመንበሩ ከተናገረ አለቀ፣ ስብሰባው ተዘጋ። ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ እሱ ይወስናል፤ መቼ እንደሚበላ እሱ ይወስናል፤ የአባዬን ሶፋ ጨርቅ እንኳ እሱ ነው የመረጠው። ሶፋ ማልበስ የኔ ሥራ ሆኖ ሳለ! ቀኑን ሙሉ ሱቄ ውስጥ የሰው ሶፋ ገልብጬ ሳወልቅና ሳለብስ የምውለው እኔ፣ የሶፋ ጨርቅ መራጩ እሱ። ስናገር «ዝም በይ፣ ታላቅሽ ነው» ይሉኛል። ቀድሞ መወለድ ሙያ ነው እንዴ?

እናታችን ዕድሜዋን የጨረሰችው ሆስፒታል ውስጥ፣ ልብስ እጥበት ክፍል ስትሠራ ነው። አንዴ ምሳ ይዤላት ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ግድግዳው ራሱ ያልበዋል። አንሶላው በዚህ በር ይገባል፣ በዚያ በር ይወጣል፣ መሃሉ እንፋሎት ነው። የት እንዳለች ለማወቅ «እማዬ!» ብዬ መጣራት ነበረብኝ። ማታ ቤት ስትገባ አንገትጌዋ እርጥብ፣ የጣቶቿ ጫፍ የተጨማደደ ነበር። አንድ ቀን ታዲያ መሥሪያ ቤቷ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ ላይ የአሸዋ ተራራ ፎቶ አየች። የብሔራዊ ፓርኩ ነው፤ ቀይ አሸዋ፣ ከላዩ ሰማይ፣ ሌላ ምንም የለም። ወሩ ሲያልቅ ወረቀቱን ገንጥላ አመጣችና አባዬ ፊት አስቀመጠችው።

«እስቲ እየው» አለችው፤ «እዚህ አገር ምን የሚታጠብ አለ? ምንም! አንድ ቀን ውሰደኝ።»

አባዬ ቁልፍ ሠሪ ነው። ቸኩሎ አይናገርም፤ ከተናገረ ግን ተናገረ ነው። ሰው ጠይቆ አጣርቶ መጣ። «በሙቀቱ ወራት ይዘጋል፣ ሰው አያስገቡም። የሚኬደው በብርዱ ነው። በረሃ ደግሞ ሲበርድ የዋዛ አይደለም፣ አጥንት ድረስ ነው የሚገባው» አላት። ከዚያ ካፖርት ገዛላት። ጥቁር ሰማያዊ፣ ወፍራም፣ አንገትጌው ሰፊ። ዕድሜዋን በእንፋሎት ስትቀቀል የኖረች ሴት ካፖርት ለብሳ ታውቃለችና ነው! መስተዋት ፊት ሁለቴ ዞረች፣ ላብ አጠመቃት፣ በሳቅ ፈረሰች፣ አወለቀችው። ለበረሃው ነው ብላ መኝታ ቤቱ በር ጀርባ ሰቀለችው።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ። ብርዱ በመጣ ቁጥር ሊቀመንበሩ አንድ ጣጣ ይዞ ይመጣል። አንዱን ዓመት ፈተና አለው፤ እማዬ ካጠገቡ እንዳትርቅ። አንዱን ዓመት ሠርጉ ነው። ሌላውን ዓመት ቤት ይቀይራል፤ ዕቃውን ማን ይሸክፍለት? እማዬ። ሌላውን ዓመት ሚስቱ ወለደች፤ ማን ያርሳት? እማዬ። አባዬ ሻንጣ ያወርዳል፣ አባዬ ሻንጣ ይሰቅላል። እማዬ ደግሞ «ይሁና፣ በረሃው የት ይሄዳል?» ትላለች። እኔ ስንጨረጨር፣ «ዝም በይ ክብሪት፣ ታላቅሽ ነው።» ባለፈው ሙቀት ታመመች፣ ከሳች፣ ሞተች። በረሃውማ እውነትም የትም አልሄደም፣ እዚያው አለ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እሱን ካላወቃችሁ የተፈጠረው አይገባችሁም። እማዬ ቤት ውስጥም ልብስ የምትይዘው እንደ ሥራ ቦታዋ በነጭ ከረጢት ነበር። ከረጢቱ አፍ ላይ አንድ ቋጠሮ ካለ፣ ልብሱ ታጥቦ ይመለሳል። ሁለት ቋጠሮ ካለ ከቤት ይወጣል፣ ለቸገረው ይሰጣል። ይሄንን እኛ ከፊደል በፊት ነው የተማርነው። ግን ሁለት ቋጠሮ ብቻውን አይበቃም! ከረጢቱን በር ላይ ታስቀምጥና፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «ባለቤት ያለው ይናገር!» ብላ ትጣራለች። አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ። ማንም ካልተናገረ ነው የሚሄደው። አንድ ጊዜ አባዬ ገላውን እየታጠበ ነበር፤ ሦስተኛው ጥሪ ላይ «የኔ ነው! ኧረ የኔ ነው!» እያለ፣ ፎጣ አገልድሞ፣ ሳሙናው ከጆሮው ሳይለቅ ሮጦ ወጥቶ ሱሪውን አዳነ። እማዬ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት በሩ ሥር ተቀመጠች።

ከሞተች በኋላ የመጀመሪያው ብርድ ሲገባ፣ አባዬ ካፖርቱን በክንዱ ይዞ ሱቄ መጣ። ሶፋ ገልብጬ፣ ሚስማር በከንፈሬ ይዤ ነበር። ካፖርቱን አውቀዋለሁ። ስትከሳ ጊዜ «ዘንድሮስ አይቀርም፣ አጥብቢልኝ» ብላኝ አዝራሮቹን ወደ ውስጥ ያስጠጋሁላት እኔ ነኝ።

«ወደ ነበሩበት መልሺልኝ» አለኝ አባዬ። «ደህና ሳለች እንደነበረው ይሁን።»

«ምን ልታደርገው ነው?»

«ይዤው እሄዳለሁ። አሸዋው አናት ላይ ጎኔ አስቀምጠዋለሁ። አብረን ነው የምንወጣው ብያታለሁ፤ ብቻዬንማ አልወጣም።»

ሚስማሮቹን ከአፌ አውጥቼ ፊቴን ወደ ስፌት መኪናዬ አዞርኩ፤ እንባዬን እንዳያይ። አዝራሮቹን በድርብ ክር ሰፋሁ።

እኔና አባዬ በአውቶቡስ ልንሄድ ነበር ያሰብነው። ግን ወሬ እግር አለው፤ ሊቀመንበሩ ጆሮ ደረሰ። «በአውቶቡስ? እኔ እያለሁ? እኔ አደራጀዋለሁ!» ብሎ ጉዞውን ወረሰው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! ከዚያ በስልክ ትእዛዝ ማዥጎድጎድ ጀመረ። ከባድ ልብስ እንዳትይዙ። ብርድ ልብስ እንዳትይዙ። በረሃ ነው የምንሄደው፣ በረሃ ማለት ሙቀት ነው፣ ጥላና ቀዝቃዛ መጠጥ እኔ አመጣለሁ። «ጋሼ፣ አባዬ ይበርዳል ብሏል እኮ» ብለው፣ «አባዬ ከቁልፍ በስተቀር ምን ያውቃል?» አለኝ። ደሜ ፈላ። ቢሆንም ለአባዬ ስል ዋጥኩት፤ የኔን ሹራብ ግን ደብቄ ያዝኩ።

የሄድን ቀን ጠዋት ቁምጣና ነጠላ ጫማ አድርጎ፣ የፀሐይ መነጽር ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጣ። ሚስቱ ስስ ቀሚስ ለብሳ፣ ክንዷን አቅፋ ከኋላ ተቀምጣለች። «እኔስ ጃኬት ልያዝ ብዬው ነበር» አለችኝ በሹክሹክታ። የመኪናው ኋላ በበረዶ ሳጥን፣ በትልቅ ጃንጥላና በታጣፊ ወንበር ተጠቅጥቋል። አባዬ ካፖርቱን የከተተበትን ነጭ ከረጢት ጭኑ ላይ አቅፎ ከፊት ሊቀመጥ ሲል፣ ሊቀመንበሩ «አምጣው፣ ይመችህ» ብሎ ከእጁ ወሰደና ከኋላ ሳጥኑ ላይ ወረወረው። አባዬ አፉን ከፈተ፣ ዘጋው። ሆድ ይፍጀው ባይ ነው፤ እኔ ይሄን ባሕርዩን አልወረስኩም።

ፓርኩ በር ስንደርስ ረፋዱ ነው። ፀሐይዋ አለች፤ ግን ለስሙ ነው እንጂ አትሞቅም። ነፋሱ የመኪናውን በር ከእጄ ሊነጥቀኝ ምንም አልቀረው። በሩ ላይ የአንድ ክንድ ቁመት ባላቸው ፊደሎች «በብርዱ ወራት ወፍራም ልብስ ይልበሱ» የሚል ማስታወቂያ ቆሟል። ሊቀመንበሩ አየውና «ይሄ ለሽማግሌ ነው» አለ። ከማስታወቂያው ሥር የቆርቆሮ ኪዮስክ አለች፤ ውስጧ አንዲት ትኬት ቆራጭ እጇን በትንፋሿ እያሞቀች ተቀምጣለች። እሱ ትኬት ሊገዛ ወረደ። እኔ ሽንት ቤት ሄድኩ። አይ ያቺ ሰዓት! ስመለስ ሁሉም ተሳፍረዋል፣ የኋላው ተዘግቷል። ምንም አልጠረጠርኩም።

መኪና የሚቆመው የአሸዋው ተራራ እግር ሥር ነው። ስንወርድ ብርዱ እንደ ጥፊ ተቀበለን። የወንድሜ ሚስት ጥርሷ ይንገጫገጭ ጀመር። አባዬ ግን ጀርባውን ቀና አድርጎ ወደ ላይ አየ፣ ቀዩን አሸዋ ከሥር እስከ አናቱ አየው። ያን ፊቱን ካየሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር። «ከረጢቴን ስጡኝ» አለ።

ሊቀመንበሩ ሳጥኑንና ወንበሩን ከሚስቱ ጋር አውርዶ፣ ጃንጥላውን እየጎተተ፣ «የቱን ከረጢት?» አለ።

«ነጩን።»

«እሱንማ ሰጠሁት።»

«ሰጠሁት ማለት?» ይሄን ያልኩት እኔ ነኝ።

«ለትኬት ቆራጯ ነዋ። የኋላው በር አልገጥም አለኝ፣ ቦታ ያጣብባል። ሁለት ቋጠሮ ነው የተቋጠረው፤ ያው አባዬ ሊሰጠው ያወጣው ነው ብዬ ሰጠኋት። ልጅቷም በርዷት ነበር።»

አባዬን አየሁት። «ጠበቅ ይበል ብዬ ነው» አለ። «መንገድ ላይ እንዳይፈታ።»

የዓለምን ቁልፍ ሁሉ የሚፈታ ሰው ልብስ ቋጥሮ አያውቅም። እማዬ እያለች ምን ቋጠሮ ነክቶ! ለሊቀመንበሩም ለአንድ አፍታ ምክንያት ያገኘሁለት መሰለኝ። ግን እሱ አፉን መዝጋት መች ያውቃል! «አያችሁ? ጥፋቱ የኔ አይደለም። ደግሞ ምን ነበረበት?» አለ።

«የእማዬ ካፖርት ነበረበት!» ብዬ ጮህኩ። «በረሃ አየዋለሁ ብላ ሰቅላው፣ በአንተ ፈተና፣ በአንተ ሠርግ፣ በአንተ ዕቃ ማጓጓዝ ምክንያት ሳትለብሰው የሞተችው ካፖርት! ለበረዶ ብለህ! አንተ ሰው፣ ወደ ብርድ በረዶ ይዘህ መጥተህ ለበረዶ ብለህ የእናትህን ልብስ ጣልክ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ!»

ደነገጠ። እንደደነገጠ ግን አልቆየም፤ መደንገጥ ሥልጣኑን የሚቀንስበት ይመስለዋል። «ኧረ እንደሱ አትጩሂብኝ፣ ታላቅሽ ነኝ! ካፖርት ነው፣ ሌላ ካፖርት እገዛለታለሁ!» አለ።

አባዬ ተመልሶ መኪናው ውስጥ ገባና በሩን ዘጋ። ገብቼ «አባዬ፣ እባክህ፣ እዚህ ድረስ መጥተህ» ብለው፣ «እናንተ ውጡ፤ ብቻዬን አልወጣም ብያለሁ» አለኝ። አሸዋው ከመስታወቱ ባሻገር ቁጭ ብሏል፣ እሱ ጉልበቱን ነው የሚያየው። አንጀቴን በላው። ይሄ ሰው ይሄን ቀን የጠበቀው ስንት ብርድ ነው? እንዲህ ተቀምጦ ከተመለሰ ሁለተኛ እንደማይመጣ አውቄዋለሁ።

ወጥቼ ወንድሜ ፊት ቆምኩ። «ቁልፉን አምጣ።»

«የት ልትሄጂ?»

«ቁልፉን አምጣ አልኩህ!»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «ጋሼ» ሳልለው አዘዝኩት። እሱም ሳያውቀው ሰጠኝ። ሞተሩን አስነሥቼ፣ እሱን ከነቁምጣው፣ ሚስቱን፣ ጃንጥላውን፣ ወንበሩንና የበረዶ ሳጥኑን ነፋስ ላይ ትቼ ወደ በሩ ነዳሁ። ለሚስቱ ግን ሹራቤን በመስኮት ወረወርኩላት፤ እሷ ምን አደረገች?

መንገዱን ሙሉ የምናገረውን እያዘጋጀሁ ነበር። የሰው ዕቃ ነው፣ አውልቂ፣ አሁኑኑ። ደርሼ በሩን እንኳ ሳልዘጋ ወረድኩ። ትኬት ቆራጯ ካፖርቱን እስከ አንገቷ ቆልፋ ተቀምጣለች። አዝራሮቹ ልክ በልኳ ናቸው፣ ለሷ የሰፋሁላት ነው የሚመስለው። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

«አንቺ! ያ ካፖርት…» ከማለቴ፣ በመስኮቷ እጇን ሰድዳ እጄን ያዘችኝ።

«እህቴ! እናንተ ናችሁ አይደል? ሰውዬው ሳላመሰግነው ሄደብኝ። እግዜር ይስጥልኝ። እዚህ ሥራ ከገባሁ ጀምሮ ጣቶቼ ደንዝዘው ነው ትኬት የምቆርጠው። ማሞቂያ ይመጣል ይሉናል፤ ብርዱ ይመጣል፣ ማሞቂያው አይመጣም። ዛሬ ገና ሰው ሆንኩ።»

እጇ ሞቆ ነበር። ዝቅ ብዬ አየሁ፤ የኪዮስኳ ቆርቆሮ ከመሬት ጋር አይገናኝም፣ ነፋሱ በሥሩ ሰተት ብሎ ይገባል፣ አሸዋው ጫማዋን ሸፍኖታል። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ቀረ። ቁጣዬ ግን አልቀረም፤ መሄጃ ነው ያጣው። ለሰው ሁሉ «ወፍራም ልብስ ይልበሱ» ብሎ በአንድ ክንድ ፊደል የሚጽፍ መሥሪያ ቤት፣ ከጽሑፉ ሥር የተቀመጠችውን ሴት አያያትም? ዓይኑን ምን ጋረደው?

አባዬ ቀስ ብሎ ከመኪናው ወረደ። ካፖርቱን አየ። በር ጀርባ ተሰቅሎ ነው የሚያውቀው፤ አሁን ትከሻ አለው፣ ክንድ አለው፣ ይንቀሳቀሳል። ልጅቷ እሱን አየች፣ እኔን አየች፣ ገባት። «ውይ! የናንተ ነው እንዴ? በስህተት ነው?» ብላ የላይኛውን አዝራር መፍታት ጀመረች።

«ተይው ልጄ፣ አትፍቺው፣ ይበርድሻል» አላት አባዬ። ከዚያ፣ «አሸዋው አናት ላይ ወጥተሽ ታውቂያለሽ?» አለ።

ሳቀች። «እኔ አባቴ? ለሰው ሁሉ ‹መልካም ጉብኝት› እላለሁ እንጂ ምን እንደሚጎበኙ አላውቅም። ያለ ትኬት ከዚህ ወዲያ ማለፍ ክልክል ነው፤ ለኛም ቢሆን።»

ይሄ ደግሞ ሌላ ጉድ! «ትኬት ቁረጪ» አልኳት።

«ለማን?»

«ለራስሽ። እኔ ነኝ የምገዛልሽ። ምሳ ሰዓትሽ መች ነው?»

ምሳ ሰዓቷ ደርሶ ነበር። ትኬቱን ቆረጠች፣ ለሁለት ቀደደች፣ ግማሹን ለራሷ ሰጠች። ኪዮስኳን ዘግታ ከኋላ ወንበር ገባች። አባዬ ከፊት ሊገባ በሩን ከፍቶ ነበር፤ ዘጋውና ከኋላ አጠገቧ ተቀመጠ።

ተመልሰን ስንደርስ ሊቀመንበሩና ሚስቱ የጃንጥላውን ጨርቅ ከብረቱ አውልቀው ተጠቅልለውበታል። የሱ ጉልበት ወይን ጠጅ ሆኗል። በረዶ ሳጥኑ አጠገባቸው፣ አንድም ሰው አልከፈተው። ልጅቷ ካፖርቱን ለብሳ ስትወርድ አየና፣ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«አላልኳችሁም! ለሚገባው ሰው ነው የሰጠሁት! ይሄ ሁሉ ጩኸት ለምን ነበር?»

ወይ መዳፈር! ጩኸቴ አሸዋውን ተሻግሮ ሳይሰማ አልቀረም። «አንተ አይደለህም የሰጠኸው! ሰው የሚሰጠው የራሱን ነው፤ አንተ የሰው ነው የበተንከው! ለሷ ብለህ ሳይሆን ለበረዶህ ብለህ! አሁን ደግሞ ምስጋናውንም ልትወስድ ነው?» ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ፤ «ሁለት ቋጠሮ ነበር» ብሎ ያንኑ ደገመልኝ። አባዬ ሁለታችንንም አልሰማንም። ከልጅቷ ጋር መውጣት ጀምሯል። እኛም ተከተልን፤ ሌላ ምን እናድርግ?

አሸዋ መውጣት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሁለት ሲራመዱ አንዱን ይመልሳል። አባዬ ሲቆም ልጅቷ ትቆማለች፤ ክንዷን ስትሰጠው ይዟት ይራመዳል። አናቱ ላይ ስንደርስ ማንም ትንፋሽ አልነበረውም። ከወዲያ በኩል ሌላ አሸዋ፣ ከሱ ወዲያ ሌላ አሸዋ፣ ከዚያ ሰማይ። እውነትም ምንም የሚታጠብ የለም። ልጅቷ ቆማ ቆማ፣ «በየቀኑ ከኪዮስኬ የምጠርገው ይሄንን ነው?» አለች። አባዬ ሳቀ። እማዬ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ ሰማሁት። ቁጭ አለ፤ እሷም ደክሟት ጎኑ ቁጭ አለች። የካፖርቱ እጅጌ ክንዱን ነክቶታል። ወደ እጅጌው አላየም፣ ወደ ፊት ነው የሚያየው። ብዙ ቆየን።

በኋላ ልጅቷ ተነሣች። ጠባችንን ሰምታለች፣ ጆሮ አላት፤ ካፖርቱ የማን እንደነበረም ስንወጣ አባዬ ነግሯታል። ካፖርቱን አወለቀች፣ በሥርዓት አጠፈችው፣ ከረጢቱን ከኪሱ አውጥታ ሁለቱንም ለአባዬ ሰጠችው። «የሟች ዕቃ መሆኑን አላወቅኩም አባቴ። ይውሰዱት፣ አልቀየምም» አለች። ቀጭን ሸሚዝ ነው ከውስጥ የለበሰችው፤ ነፋሱ ወዲያው አገኛት።

አባዬ ካፖርቱን ከረጢቱ ውስጥ ከተተ። አንድ ቋጠሮ ቋጠረ። ቆይቶ ሁለተኛ ቋጠረ። አሸዋው ላይ አስቀመጠውና ተነሥቶ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣

«ባለቤት ያለው ይናገር!» ብሎ ተጣራ።

አፌን ከፈትኩ። አባዬ አየኝ፣ ዘጋሁት። እኔን እንዳልጠራ ገባኝ። ወንድሜ ጃንጥላው ጨርቅ ውስጥ አንገቱን ቀበረ።

«ባለቤት ያለው ይናገር!»

ሚስቱ በክርኗ ጎሰመችው። ሊቀመንበሩ እግሩን ያያል። ነጠላ ጫማው በአሸዋ ተሞልቷል። ያ ሁሉ ትእዛዝ፣ ያ ሁሉ «እኔ አደራጀዋለሁ» የት እንደገባ እንጃ።

«ባለቤት ያለው ይናገር።» ሦስተኛውን አልጮኸም፣ ልጁን እያየ ነው ያለው።

«የእማዬ ነው» አለ ወንድሜ። ድምፁ ተሰበረ። «የእማዬ ነው፣ አባዬ።» ከዚያ ያ ግዙፍ ሰውዬ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

«አዎ፣ የእማዬ ነው» አለ አባዬ። «ከመስጠትህ በፊት እንደዚህ ነው የሚባለው። ቋጠሮውን አስተውለህ ጥሪውን ረሳኸው።» ጎንበስ ብሎ ሁለቱን ቋጠሮ ፈታ፣ ካፖርቱን አውጥቶ አራገፈው፣ ለልጅቷ ከኋላ ሆኖ ይዞ አለበሳት። «እንግዲህ ልበሺው ልጄ። እሷ ብትሆን በርዶሽ ቆማ አታይሽም ነበር።» አንገትጌውን አስተካከለላትና ወደ ታች መውረድ ጀመረ።

አለቀሰ ብዬ ይቅር ያልኩት እንዳይመስላችሁ። ልጅቷን ኪዮስኳ አድርሰን፣ እሱ በረዶውን ማስታወቂያው ሥር ደፍቶ፣ ወደ ቤት መንገድ ጀመርን። የተደፋው በረዶ ጨርሶ አልሟሟም ነበር። እንደ ጠዋቱ ነው የተቀመጥነው፣ እሱ መሪው ላይ፣ እኔ ከኋላው። ዓይኑ ቀልቷል። መሃል መንገድ ላይ ጉሮሮውን ጠራረገና በመስተዋቱ አየን።

«ማሞቂያውን ልጨምረው? ወይስ ይበቃችኋል?» አለ።

ጠየቀ። ይሄ ሰው ጠየቀ! ከተወለድኩ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ጠይቆ አያውቅም። አባዬ አንገቱን ሳያዞር «እህትህን ጠይቃት» አለው። ወንድሜም ጠየቀኝ፣ ቀስ ብሎ፣ በስሜ ጠርቶ። እኔ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የታየኝ፤ ካፖርቱ በር ጀርባ ተሰቅሎ፣ ብርድ አልፎ ብርድ ሲመጣ፣ አንድ ቀን እንኳ «እማዬ፣ ዘንድሮ መሄድ ትፈልጊያለሽ?» ብሎ አልጠየቃትም። አንድ ቀን!

«ይበቃል» አልኩት፤ ጥርሴ እየተንገጫገጨ።